የቀጨኔው ታክሲ መስኮት

ተለጠፈች! ዛሬ ጠዋት አብራኝ የምትማረው ጓደኛዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ፎቶው ብዥ ብሏል፤ ታክሲው እየሄደ ያነሳችው መሰለኝ። ግን ይነበባል። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ምቀኛ ከሚያወሩት ጥቅሶች መሀል፣ ቢጫ ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም የኔ ዓረፍተ ነገር ተለጥፋለች። ከሥሯ ስም የለም። ይሁና! እኔ አውቃታለሁ። አልጋዬ ላይ ቆሜ ስጮህ እማዬ "ተነሳብሽ እንዴ?" እያለች ከጓዳ ሮጣ መጣች። ቤታችን ውስጥ ድምፅ በተሰማ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠረጠረው አስሜ ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። አቧራ ያስነጥሰኛል፣ የሰው ሽቶ ደረቴን ይዘጋዋል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ አንዱ ጉንፋን ሳይለቀኝ ሌላው ይተካል። ሰፈሩ በሙሉ አንድ ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር፤ "ስታድጊ ይተውሻል።" ጎረቤቶቻችን፣ የአባዬ ሱቅ ደንበኞች፣ ሁሉም እንዲህ ነበር የሚሉኝ። እኔም አሥራ ስምንት ዓመቴን እንደ ዒድ ስጠብቀው ከረምኩ። ደረሰ። በዚያው ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ ካርዴን አየችና "ከእንግዲህ የሕፃናት ክፍል አይደለሽም፤ ከአዋቂዎቹ ጋር ተሰለፊ" አለችኝ። ያደገው ሰልፌ ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ ደግሞ ሐኪም ነው። ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ብዪ፣ ዳማከሴ አሽተሽ አሽትቺ። ጠጥቻለሁ፣ በልቻለሁ፣ አሽትቻለሁ። ፓፌን፣ ማለቴ ስታፈን ወደ አፌ የምነፋትን ሰማያዊዋን መድኃኒት፣ ሳወጣ ግን ፊታቸው ይለወጣል። "እሱን አትልመጂ፤ ሱስ ይሆንብሻል!" በፊት ዝም እል ነበር። አሁን "አዎ፣ የመተንፈስ ሱስ አለብኝ" እላቸዋለሁ።

ትልቁ ጠላቴ ግን ጉንፋንም አቧራም አልነበረም። የታክሲ መስኮት ነበር።

ዘንድሮ ፒያሳ አካባቢ ኮሌጅ ጀመርኩ፤ አካውንቲንግ። ከቀጨኔ ጠዋት የሚነሳ ታክሲ እንዴት እንደሚሞላ የተሳፈረ ያውቀዋል። የአንዱ ጭን ላይ ቦርሳ፣ የሌላው ትከሻ ላይ ክርን፣ ከዚያ ሽቶው፣ ቅባቱ፣ ከታች የሚመጣው የናፍጣ ሽታ። በዚህ ሁሉ ላይ መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። እኔ ትንሽ ሸርተት ሳደርገው ከኋላ ድምፅ ይመጣል።

"የኔ ልጅ፣ ዝጊው፤ ብርዱ ጆሮዬን በላው።"

"አስም አለብኝ፣ እትዬ፤ ትንሽ ብቻ..."

"አስም ነው? ታዲያ ብርድ ለአስም ጥሩ ነው እንዴ? ለራስሽም ብዬ ነው!"

በዚህ መሀል ሳል ይጀምረኛል። ስስል አጠገቤ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ፊቱን ያዞራል፣ ከፊት ያለችው ሴት ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ትስባለች፣ አንዱ "የሳምባ በሽታ እንዳይሆን" ይላል፣ እኔ የማልሰማ ይመስል። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሳምባ ነው ብላችሁ ከፈራችሁኝ መስኮቱን መክፈት ያለባችሁ እናንተ አይደላችሁም እንዴ? እነሱ ግን ይፈሩኛል፣ መስኮቱንም ይዘጉታል።

ስለዚህ ብዙ ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ "ወራጅ አለ!" እላለሁ። ወርጄ ፓፌን እነፋና ግንብ ተደግፌ ትንፋሼ እስኪመለስ እቆማለሁ፤ የቀረውን በእግሬ እሄዳለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ስል የመጀመሪያው ፈተና አመለጠኝ። በሩ ተዘግቶ ደረስኩ። መምህሩ "አዋቂ ሰው ሰዓቱን ያውቃል" አለኝ። ልመልስለት ፈልጌ ነበር፤ ግን ትንፋሽ አልነበረኝም።

አባዬ ይህን ሲሰማ ተቆጣ፤ በኔ ሳይሆን በነገሩ። "በሚቀጥለው ፈተናም እንዲህ ከሆነ ትተይዋለሽ" አለኝ። "ከኔ ጋር ሱቅ ትቀመጫለሽ። ጤና ይቀድማል፣ ልጄ።" ክፋት የለውም አባዬ። ግን የምቀመጥበትን ሱቅ አስቡት፤ በስተቀኝ የበርበሬ ማዳበሪያ፣ በስተግራ የልብስ ሳሙና ዱቄት፣ አየር የሚገባው በአንዲት በር። ለሳንባዬ ታስቦ!

ከዚያ በኋላ መለመን አቆምኩ። በማግስቱ ተሳፈርኩና ማንንም ሳልጠይቅ መስኮቱን ከፈትኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ኮት የለበሰ ሰውዬ በላዬ ላይ ተንጠራርቶ ዘጋው። ከፈትኩት። ዘጋው። ከፈትኩት።

"አንቺ ልጅ፣ ታክሲው ያንቺ ነው?"

"ያንተም አይደለም!"

ታክሲው በሙሉ ተንጫጫ። "ስድ!" ያለችኝም አለች፣ "ምን ታድርግ ነው፣ ልጅቷ ታፍናለችኮ" ያለም አንድ ሰው ነበር። ሾፌሩ፣ ጢሙ ሙሉ በሙሉ የሸበተ ትልቅ ሰው ነው፣ በመስታወቱ አየን።

"ዝም በሉ እስቲ! እዚህ መኪና ውስጥ የሚሠራው ሕግ የተለጠፈው ነው" አለ። "ስለ መስኮት የተለጠፈ ነገር አያችሁ? የለም። በቃ።"

"እና ከለጠፍክ ይከፈታል፣ ጋሼ?" አልኩት።

ሳቀ። "አንቺ ተማሪ አይደለሽ? ጻፊና አምጪዋ!"

እየቀለደብኝ ነበር። እኔ ግን የምሬን ያዝኩት።

የዚያን ቀን ክፍል ውስጥ የተማርኩትን አትጠይቁኝ። ደብተሬ ጀርባ ላይ ስጽፍና ስሰርዝ ዋልኩ። መጀመሪያ "እባካችሁ አስም ያለባቸውን ወገኖች እናስብ" ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ አነበበችና "ቀበሌ በር ላይ የሚለጠፍ ነው የሚመስለው፤ ማን ያነበዋል?" አለች። እውነቷን ነው። ደግሞ ለምን እለምናለሁ? ቀጥዬ በንዴት "መስኮት የሚዘጋ ሰው ልቡም ዝግ ነው" አልኩ። "ይኼን ከሰዓት ሳይደርስ ይቀድዱታል" አለች። ስንት ገጽ እንደቀደድኩ እንጃ። በመጨረሻ የእትዬዋ ጆሮ ትዝ አለኝ። ብርዱ እውነት ነው፤ ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ቀልድ አያውቅም። እሷ ውሸታም አይደለችም። ግን እሷ ለብርዷ የምታደርገው ነገር አላት፣ እኔ የለኝም። ያን ሳስብ መጣች፤

ለብርድ ሹራብ አለ፤ ለትንፋሽ መስኮት ብቻ።

ወላሂ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። በማግስቱ ቢጫ ወረቀት ላይ በቀይ ገልብጬ ለሾፌሩ ሰጠሁት። አነበበው፣ አጣጥፎ ከፀሐይ መከለያው ሥር ሸጎጠው። ቀናት አለፉ። እኔም አንድ ቀን ሌላ ታክሲ ውስጥ እየታፈንኩ፣ አንድ ቀን በእግሬ እየሄድኩ፣ ወረቀቴን ለቆሎ መጠቅለያ አድርጓታል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ዛሬ ፎቶው መጣ።

ከሰዓት ስመለስ ሆን ብዬ ያንን ታክሲ ጠበቅሁ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ አራት ጣት ያህል ከፈትኩት። ወዲያው አንዲት ሴት ከኋላዬ፣ "ኧረ ዝጉት!" አለች። እኔ አፌን ሳልከፍት ከጎኗ ያለው ጎረምሳ ጮክ ብሎ አነበበላት። እሷም "እንግዲህ ሹራብ ካልገዛችሁልኝ" ብላ ነጠላዋን ተከናነበች። ታክሲው ሳቀ። መስኮቱ እስከ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ድረስ አልተዘጋም። ሳልኩ እንዴ? ሳልኩ እንጂ! አስም በጥቅስ አይድንም። ግን "ወራጅ አለ" ያልኩት ሰፈሬ ስደርስ ነው። ስወርድ ሾፌሩ፣ "አንቺ፣ ሌሎቹም ሾፌሮች ይቺን ነገር ጠይቀውኛል" አለኝ።

ፎቶውን ለአባዬ ሱቅ ወስጄ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ በርበሬውን፣ ሳሙናውን፣ መስኮት የሌለውን ግድግዳ አየ።

"ፈተናሽ መቼ ነው?"

"ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል።"

"በጊዜ ተነሺ እንግዲህ" አለኝና ወደ ደንበኛው ዞረ።

አሁን ቤት ቁጭ ብዬ ለሌሎቹ ታክሲዎች በእጄ እየገለበጥኩ ነው። እጄ አንድ ነው፣ ታክሲው ግን ብዙ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በምትሳፈሩበት መስመር ሁሉ፣ ወረቀትና ቀይ እስክሪብቶ ፈልጉና ለሾፌራችሁ ጽፋችሁ ስጡት። ስሜን አትጻፉ። ከዚህ የተሻለ ከመጣላችሁም የራሳችሁን ጻፉ፣ አልቀየማችሁም። ከዚያ ሹራባችሁን ልበሱና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ክፈቱት። አራት ጣት ይበቃል።