በገል ላይ የተጻፈ ስም

ነቀምቴ ውስጥ እንጨት እየፈለጥኩ በምማርበት ዘመን፣ ስለ ጥንታዊት አቴና የሚተርክ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከሚስዮኑ ተዋስኩ። አንድ ቅዳሜ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አንዱን ገጽ ለጓደኞቼ በኦሮምኛ ነገርኳቸው። የአቴና ሰዎች የፈሩትን ትልቅ ሰው ስም በገል ላይ ይጽፉ ነበር፤ ስሙ የበዛበት ከተማውን ለቆ ይሰደዳል። ጓደኞቼ እየሳቁ የእኛን ሹም ስም ጠሩ። እኔ አልሳቅኩም፤ ነገሩን ያመጣሁት ግን እኔ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ከክፍል አስወጣኝ። "ኮቱ፣ አባ መጽሐፍ" አለኝ፤ ና ማለቱ ነበር፤ መጽሐፉን እንዳስያዘኝ ወደ ሹሙ ቢሮ ወሰደኝ። ባለፈው ወር እንዲሁ የተጠሩ ሁለት ተማሪዎች አልተመለሱም ነበር።

ሹሙ ሸበቶ የሸዋ ሰው ነበር። መጽሐፉን ከእጄ ተቀብሎ በሩን ራሱ ዘጋው። ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ።

"ያን ገጽ በአማርኛ ንገረኝ።"

ነገርኩት።

"የተባረረው ሰው ርስቱን ይነጠቃል?"

"አይነጠቅም፣ ጌታዬ።"

"ስንት ዓመት ይቆያል?"

"አሥር። ከዚያ አገሩ ይገባል ይላል።"

"ይላል ወይስ ይገባል?"

"ይገባል፣ ጌታዬ።"

ገጹን አየው። ቀና ሳይል መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋው።

"እኔን ተሹመሃል ብለው ወደዚህ ሲያባርሩኝ ርስቴንም ወሰዱት" አለኝ። "ይኸው አሥራ አራት ዓመቴ።"