ማንም ያልሞተበት ድንኳን

ዓመቱን ጠይቀኸኝ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ጠፍቶብኛል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ድንኳኑ ርሶ ነበር። ዛሬም እርጥብ ሸራ ሲሸተኝ ደሜ ይፈላል።

ላፍቶ፣ በጉርምስናዬ ሙሽራዬን ያስገባሁባት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበርን። ባለቤቴ ያኔ አልጋ ይዛለች። ሰዎች መጡና በራችን ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ አሰመሩ።

«ለልማት ነው አባባ፣ ነገ ይፈርሳል» አለኝ አንዱ፣ ፊቴን እንኳ ሳያይ።

«ታማሚ ሚስት አለችብኝ፣ የኔ ልጅ፤ የት ላድርሳት?»

«እሱን ለሚመለከተው ይንገሩ» ብሎ ብሩሹን አራገፈ። ቀለሙ ጫማዬ ላይ ተረጨ። እግዜር ይቅር ይበለው፤ እኔ ገና አላልኩም። ልማት ማለት የተኛን ሰው ሜዳ ላይ መጣል ከሆነ በአፍንጫዬ ይውጣ!

የእድራችንን ዕቃ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ጠላ ሻጯ ጎረቤቴ መጣችና፣ «ጋሼ፣ ድንኳኑን አውጣው፤ መንገዱ አፍ ላይ እንትከለው» አለችኝ።

የእድሩ ሊቀመንበር ጮኸ። «ሰው ሳይሞት ድንኳን? ሟርተኛ!»

«ቤት ሲሞት አይለቀስም? ወይስ ያንተ በር አልተቀባም?» አለችው ጎረቤቴ።

ተቀብቶ ነበር። እሱም ድንኳኑን አብሮን ተከለ።

ጠዋት የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ጥሩንባውን የሰማ ሁሉ እውነት መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ መጣ። አንዲት ሴትዮ ከፉሪ ድረስ ደረቷን እየደቃች ገባች።

«እኔን! ማን ሞተብን?»

«እስካሁን ማንም። ቁጭ በይ፣ ንፍሮ ያዢ» አልኳት።

«ጉድ! በከንቱ አስለቀሳችሁኝ?» አለች። ነገሩን ስትሰማ ግን ዕንባዋን ጠርጋ ከሁላችን በላይ ተራገመች።

ኤክስካቫተሩ እያጓራ ደረሰ። የአፍራሾቹ አለቃ «ድንኳኑን ንቀሉት!» አለ። ከአግዳሚው የተነሳ የለም። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና ኮፍያውን አወለቀ። «ለቅሶ ቤት ላይ አልነዳም፤ ጡር አለው።» አለቃው ሲደነፋ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ንፍሮ ይቅማል።

«ለቅሷችሁ አያልቅም ወይ?» እያሉ ተመላለሱ። እኛም ድንኳኑን ሳንነቅል ሰነበትን፤ በመጨረሻ የሰለቹት እነሱ ናቸው። ቤታችን እንደቆመ ቀረ። ኤክሱ ዛሬም በሬ ላይ አለ፤ አልፋቅሁትም።

ባለቤቴ ከርማ ከርማ በገዛ አልጋዋ አረፈች። ያን ቀን ድንኳኑን እንደ ልማዴ አውጥቼ ካስማውን ልመታ ስል ደጋግሜ ሳትኩት። መዶሻውን ተቀብላ ካስማውን የመታችልኝ፣ «አንተ ግባ ጋሼ፣ ዛሬስ ያንተ ለቅሶ ነው» ያለችኝ ያቺው ጠላ ሻጭ ጎረቤቴ ናት።