በመቁጠሪያው መስቀል ላይ የሚጠሩ ስሞች

አባቴ ማለዳ ማለዳ፣ ጉሙ ከጎባ ጣሪያዎች ላይ ሳይነሣ፣ ጋቢውን ተከናንቦ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና መቁጠሪያውን ይይዛል። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላል። አንዷን ፍሬ ይለቅና እንደገና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላል። ድምፁን አያነሣም፣ አይቸኩልምም። እኔና ወንድሞቼ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝተን እንሰማዋለን።

ፍሬዎቹ አልቀው ጣቱ መቁጠሪያው ላይ ያለው መስቀል ጋ ሲደርስ ትንሽ ያርፋል። ከዚያ የክርስትና ስማችንን ይጠራል፤ መጀመሪያ የእናቴን፣ ቀጥሎ የወንድሞቼን፣ በመጨረሻ የእኔን። ሌላ ቤት እንዲህ ሲደረግ አላየሁም። ቀኑን ሙሉ በቤት ስሜ ነበር የሚጠራኝ፤ የክርስትና ስሜን ከአፉ የምሰማው እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነው። ተራዬ እስኪደርስ እንቅልፌን እታገል ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በወሰድኩበት ዓመት፣ በጸሐፊነት ከሚሠራበት ፍርድ ቤት ሰዎች ደግፈው አመጡት። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ነበር። እግሩ ቀስ በቀስ ተሻለው፤ ንግግሩ ግን አልተመለሰም። ውሃ ሲጠማው ውሃ ማለት አቅቶት የእናቴን ዐይን ዐይን ያያል። አንድ ማለዳ እናቴ መቁጠሪያውን እጁ ላይ አድርጋ «እግዚኦ» ስትል፣ እሱ ምንም ሳይንተባተብ «መሐረነ ክርስቶስ» አለ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ የቀረው ቋንቋ ይኸው ብቻ ሆነ። ሻይ ሲያምረውም፣ ሲበርደውም «እግዚኦ» ነው፤ በድምፁ አወራረድ እየለየን እናቀርብለታለን። ስሞቻችን ግን ጠፉ። መስቀሉ ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ ወደ መጀመሪያዋ ፍሬ ይመለሳል።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ልሄድ የቀረኝ ያ ክረምት ነበር። ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ ስሜን እንዲጠራልኝ ፈለግሁ። ጸሎቱ ከተመለሰለት ስሜም ተከትሎት ይመጣል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት አጠገቡ እየተቀመጥኩ እመራው ጀመር። መስቀሉ ጋ ስንደርስ የእናቴንና የወንድሞቼን ስም እጠራና የእኔ ተራ ላይ አፌን ዘግቼ እጠብቃለሁ። ግንባሩ በላብ ይርሳል። ከዚያ «እግዚኦ» ይላል።

በዚያ ክረምት ከሮቤ በጋሪ እየመጡ የሚጠይቁት አንድ የድሮ ወዳጁ ነበሩ፤ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም ሽማግሌ።

«አካም ቡልቴ፣ የችሎቱ ጌታ?» ይሉታል፤ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው።

«እግዚኦ።»

«ድሮ ‹ነጋ›፣ ሰላም ነው ብሎ ይመልስልኝ ነበር» ይላሉ ወደ እኛ ዞረው። «አሁን ገና ሳልቀመጥ ምሕረት ይለምንልኛል። አንተ፣ ምን ሰማህብኝ?»

አባቴ ባልታመመው ጎኑ ይስቃል።

አንድ ቀን ማልደው መጥተው ጸሎት ላይ አገኙን። የራሳቸውን መቁጠሪያ፣ ተስቢሃቸውን፣ አውጥተው እስክንጨርስ በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ለምን ታሯሩጪዋለሽ?» አሉኝ በኋላ።

«ስሜን እንዲጠራልኝ ነው፣ አባባ። ሳልሄድ።»

«እኛ ዚክር ላይ ተቀምጠን የአላህን ስም ስንደጋግም የታመመ ሰው ካለ በእሱ ትንፋሽ ነው የምንሄደው። እሱ ሲያርፍ እናርፋለን። አንቺ አባትሽን ፈተና አስቀመጥሽው እኮ።»

«ረስቶኝ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

«የረሳ ሰው እንዲህ ያልበዋል?» አሉና ጋሪው ቆሞ ስለሚጠብቃቸው ተነሡ።

በምሄድበት ማለዳ አልመራሁትም። እጄን ጉልበቱ ላይ አድርጌ ከኋላ ከኋላው ተከተልኩት። በአንዷ ፍሬና በምትቀጥለዋ መካከል ረጅም ዝምታ ነበር፤ ከዚያ በፊት እንዲያርፍ ፈቅጄለት እንደማላውቅ ገባኝ። ወንድሜ ሻንጣዬን ተሸክሞ ደጅ ላይ «አውቶቡሱ ይሄድብሻል» እያለ ይጣራል።

መስቀሉ ጋ ደረስን። አባቴ ወደ መጀመሪያዋ ፍሬ አልተመለሰም። አውራ ጣቴን ይዞ መስቀሉ ላይ አሳረፈና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም። ዐይኑን ከእኔ ላይ ሳያነሣ ቆየ። እየጠበቀኝ ነበር። የክርስትና ስሜን እኔው ራሴ ጠራሁ።

«መሐረነ ክርስቶስ» አለ።

ከዚያ በኋላ ልቤ አረፈ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ እውነት ግን አይሆንም። እንዳልረሳኝ አውቄአለሁ። አዲስ አበባ፣ የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ውስጥ፣ አብረውኝ የሚያድሩት ልጆች ወደ ትምህርት ሲወጡ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በእሱ ዝግታ እደግመዋለሁ፤ በየመካከሉ እንደ እሱ አርፋለሁ። ስሜን መጥራቱ ለእኔ ቀላል ነው። የምናፍቀው ግን በእሱ ድምፅ ሲጠራ መስማቱን ነው።