እልፍነሽ ወዬሳና የተቆለፈው ሲስተም

እልፍነሽ ወዬሳ ስትቆጣ ድምጿን አታነሣም። ይልቁንም ዝቅ ታደርገዋለች፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች ታወጣቸዋለች። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ያን ድምፅ ሲሰሙ ድንገት ሥራ ያገኙ ይመስል ወደየመደርደሪያው ይበተናሉ። ለዓመታት አብራት የሠራችው ሳፊያ ብቻ ናት ቆማ የምትሰማት። ሰኔ አሥራ ሰባት ቀን ሰኞ ጠዋት ግን ሳፊያም ፈራቻት።

እልፍነሽ የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት። አባቷ እህል ገበያ ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ነበሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች አዳማ አክስቷ ዘንድ መጣች፤ በሃያ ዓመቷ እዚያው ከተማ ባለ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካርድ ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች። የመጽሐፉን ስም፣ የደራሲውን ስምና የመደርደሪያውን ቁጥር መዳፍ በምታክል ወፍራም ወረቀት ላይ መጻፍ ነበር ሥራዋ። አሥራ አራት ሺህ ካርድ በእጇ ጽፋለች። ከሥራ በኋላ እየተማረች መጀመሪያ ዲፕሎማ፣ ቀጥሎ ዲግሪ ያዘች፤ ሁለት ልጆች አሳደገች፤ የውሰት ክፍሉም ኃላፊ ሆነች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ቤት ውስጥ ስትሠራ በእሷ ጥፋት አንድም ተማሪ ተጉላልቶ አያውቅም። ይህን ራሷ ትናገራለች፤ ሌላውም አያስተባብልባትም።

ከሁለት ዓመት በፊት ኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ገዛ። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ በሁለት ቀን ጭኖት ሄደ። ሶፍትዌሩ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ እነ ሳፊያ ጠረጴዛ ላይ ያለው፣ መጽሐፍ ሲወጣና ሲመለስ የሚመዘገብበት ነው። ሌላው ሠራተኞቹ «አድሚኑ» የሚሉት ነው። ተማሪ ስንት መጽሐፍ ይውሰድ፣ ስንት ቀን ያቆይ፣ አባልነቱ መቼ ያብቃ፣ ማን ይታገድ የሚለው ሁሉ የሚወሰነው እዚያ ውስጥ ነው። አድሚኑ የተጫነው አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ የአይሲቲ ኃላፊው የገመዳ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ፓስወርዱን ደግሞ ከገመዳ በቀር የሚያውቀው የለም። ለእልፍነሽ የደረሳት ሁለቱን ቀን ከባለሙያው ጀርባ ቆሞ ማየት ብቻ ነበር። እሷም ቆማ አየች፤ ያየችውን በደብተር ጻፈች። ባለሙያው ትቶት የሄደውን የእንግሊዝኛ መመሪያ ኮፒ አስደርጋ ቤቷ ወሰደች፤ መዝገበ ቃላት አጠገቧ አስቀምጣ ክረምቱን ሙሉ አነበበችው።

ስህተቱን ጥቅምት ላይ ያየችውም እሷ ናት። ከሬጅስትራር የመጣው የተማሪዎች ዝርዝር በእኛ አቆጣጠር የተዘጋጀ ነበር። የተመራቂዎቹ አባልነት ሰኔ ሠላሳ ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ስለሚያበቃ ልክ እንዲሁ ተብሎ ገብቷል። ሶፍትዌሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ብቻ ነው። ለእሱ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ካለፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ለጊዜው ጉዳት አላደረሰም፤ ምክንያቱም አድሚኑ ውስጥ «አባልነቱ ያለፈበት አይስተናገድ» የምትለው ሳጥን ላይ ምልክት አልተደረገም። ያቺ ሳጥን የተነካች ዕለት ግን ተማሪው በሙሉ ይታገዳል። እልፍነሽ ይህን በደብዳቤ ጻፈች። ለአይሲቲ ክፍል አድርሳ፣ ግልባጩን ለምክትል ዲኑ ለዶክተር ሙሉብርሃን ላከች። ወጪ ቁጥር አሰጠችው፤ ማኅተም አስመታችበት።

መልሱን ገመዳ በቃል ሰጣት፤ ካፌው በር ላይ፣ ሰው እየሰማ።

«ማዘር፣ እርስዎ መጽሐፍዎን ይደርድሩ። ኮምፒውተሩን ለእኛ ይተዉልን።»

በአሥር ዓመት ብትበልጠው ነው። ያን ቀን ምሳ አልቀመሰችም።

እንግዲህ ሰኔ አሥራ ሰባት ሰኞ ምረቃው አምስት ቀን ቀርቶታል። ተመራቂው ከቤተ መጻሕፍት ክሊራንስ ካላወጣ ሬጅስትራር ጊዜያዊ ዲግሪውን፣ ልጆቹ «ቴምፖ» የሚሉትን ወረቀት፣ አይሰጠውም። ሳፊያ የመጀመሪያዋን ተማሪ መታወቂያ ቁጥር አስገባች። ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ ታግዳለች። ሁለተኛውን አስገባች፤ ታግዷል። ሦስተኛው፣ አሥረኛው፣ ሠላሳኛው፤ ሁሉም። እስከ አራት ሰዓት ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ ጽዶቹ ድረስ ተዘረጋ። ስድስት መቶ አሥራ አንድ ተመራቂ፣ አንድ እንኳ ሳይቀር፣ ታግዷል።

እልፍነሽ ከሳፊያ ትከሻ በላይ አየችና ወዲያው ገባት።

«ሳጥኗን ነክተዋታል» አለች፤ በዚያ በዝቅተኛው ድምጿ።

ገመዳ ቢሮው አልነበረም። ሥልጠና ባቱ ሄዷል፣ እስከ ዓርብ አይመጣም አሏት። ደወለች። መጀመሪያ ጠራ፤ ሁለተኛ ስትደውል ተዘጋ። ወደ ምክትል ዲኑ ስትሄድ ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው አለቻት። ስትመለስ የማስታወቂያ ሰሌዳው ዙሪያ ተማሪ ተሰብስቧል። ገፋ ገፋ አድርጋ ገባችና አነበበች፦ «በቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የመረጃ አያያዝ ቸልተኝነት ምክንያት የክሊራንስ አገልግሎት እስከ ሐሙስ የተቋረጠ መሆኑን እናሳውቃለን።» ከሥሩ የዶክተር ሙሉብርሃን ፊርማ አለ።

ደሟ ፈላ። ከኋላዋ አንድ ተማሪ «እነዚህ አሮጊቶች ኮምፒውተር ምን ያውቃሉ!» አለ። ዞር ብላ አየችው፤ ልጁ አንገቱን ደፋ።

ጠረጴዛዋ ጋ አንዲት ልጅ ቆማ ታለቅሳለች። ሱሃይላ ትባላለች፤ የቡልቡላ ልጅ ናት፤ በላቦራቶሪ ቴክኒሽያንነት ተመራቂ።

«አዴ እልፍነሽ» አለች፣ እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች፤ «ሐሙስ ጠዋት ሻሸመኔ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለኝ። ቴምፖ ካልያዝሽ አትምጪ ብለውኛል። ደግሞ ከዚህ ቤት አንድም መጽሐፍ የለብኝም፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት የተቀበሉኝ።»

«እኔ ነኝ የተቀበልኩሽ» አለች እልፍነሽ። «ነገ ሳይመሽ ታገኛለሽ።»

«እንዴት አድርገሽ?» አለቻት ሳፊያ ልጅቷ ከሄደች በኋላ። «የማትችይውን ቃል ትገቢያለሽ?»

«ባቱ ጨረቃ ላይ አይደለም።»

ማክሰኞ በማለዳ መነኸሪያ ወርዳ ባቱ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። የጥቅምቱ ደብዳቤ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ሞጆን አልፈው መቂ እስኪደርሱ ድረስ አጠገቧ የተቀመጡት ሰውዬ ስለ ዘንድሮው ሽንኩርት ዋጋ ሲያወሩላት ነበር፤ አንዲት ቃል አልሰማችም። ገመዳን ምን እንደምትለው እያዘጋጀች፣ ያዘጋጀችውን እየጣለች፣ የባሰ እየፈለገች ነበር።

ሥልጠናው ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። በሩን ከፍታ ገባች። አሠልጣኙ ንግግሩን አቋረጠ። እልፍነሽ በወንበሮቹ መሃል አልፋ ገመዳ ፊት ቆመች።

«ገመዳ፣ ውጣ።»

አርባ ሰው እያየው ተነሥቶ ወጣ። ደጅ ሲደርሱ ፊቱ ቀልቶ ነበር።

«ምን ነካዎት? ሰው ፊት እንዲህ ያደርጋሉ?»

«አንተ እኔን ካፌ በር ላይ ማን ፊት ነበር ያዋረድከኝ? እሱን ተወው። ስድስት መቶ ልጅ አግደህ ስልክህን ዘግተህ እዚህ ዓሣ ትበላለህ። ሳጥኗን ማን ንካ አለህ?»

ገመዳ ወዲያ ወዲህ አየ። «ዶክተሩ ናቸው። ዓርብ ደውለው ያለፈበት አባል እንዳይስተናገድ አድርግ አሉኝ። አደረግሁ።»

«ደብዳቤዬን አንብበህ ነበር?»

ወደ ሐይቁ ዞረ።

«አንብበህ ነበር ወይ?»

«አላነበብኩትም» አለ በመጨረሻ። «ሰኞ ጠዋት ሲደወልልኝ ነው ቀኑ እንደሆነ የገባኝ። ወዲያው ለዶክተሩ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ረቡዕ የኮሌጁ ቦርድ ሲስተሙን ሊጎበኝ ይመጣል፣ ከተነካካ የባሰ ይበላሻል፣ እስኪሄዱ ማንም አይንካው፣ ሐሙስ ታስተካክላለህ አሉኝ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እልፍነሽ የተናደደችው በስንፍና ነበር። አሁን ግን ሰውዬው እያወቁ ነው ማስታወቂያውን የለጠፉት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በደንብ እያወቁ በእሷና በሳፊያ አሳብበው ሰሌዳ ላይ ሰቀሉት።

ከቦርሳዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። «ፓስወርዱን ጻፍ። ከሥሩ ደግሞ ‹ለወይዘሮ እልፍነሽ ወዬሳ እንድታስተካክል ሰጥቻታለሁ› ብለህ ፈርም። ቀንና ሰዓትም አስገባበት።»

«ይህማ ሥራዬን ያሳጣኛል።»

«ካልጻፍክ ተመልሼ እገባና እዚያ አዳራሽ ውስጥ ለአርባው ሰው አሁን የነገርከኝን እነግራቸዋለሁ።»

ጻፈ። ከዚያ ቢሮው ደውሎ በሩን እንዲከፍቱላት አዘዘ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እልፍነሽ በገመዳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ሳፊያ አጠገቧ ቆማለች። አድሚኑ ተከፈተ። ክረምቱን ሙሉ በወረቀት ያጠናችው ነገር ሁሉ በየቦታው ተቀምጧል። መጀመሪያ የመረጃውን ቅጂ በፍላሽ አስቀረች፤ ባለሙያው ይህን ሳያደርግ ምንም አልነካም ነበር። ቀጥላ ሳጥኗ ላይ የነበረውን ምልክት አነሣች። በሌላው ኮምፒውተር ስትሞክረው ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ።

«በቃ፣ ሆነ!» አለች ሳፊያ።

«አልሆነም። ነገ መልሰው ሲነኳት መልሶ ይታገዳል። ቀኑን ነው የምናስተካክለው።»

አድሚኑ የብዙ አባላትን ቀን በአንድ ጊዜ የሚቀይር መሣሪያ አለው። ተመራቂዎቹን ለይታ ሰኔ ሠላሳን ወደ ፈረንጅ ጁላይ ሰባት መለሰችው። ሳፊያ ከዝርዝሩ እያነበበች ሃያ ስም አንድ በአንድ አመሳከሩ፤ ልክ ነው። ከዚያ የሌሎቹን ዓመት ተማሪዎች አስተካከለች። እግረ መንገዷን የበዓላቱን ገጽ ስትከፍት ደግሞ ሌላ ጉድ አገኘች። ባለሙያው ከሌላ ቦታ ገልብጦ ያመጣው ነው፤ እዚህ ማንም የማያውቃቸው የሌላ አገር በዓላት ተደርድረው መስቀልም፣ ኢሬቻም፣ ጥምቀትም፣ አረፋም የሉም። ሲስተሙ ቤተ መጻሕፍቱ በተዘጋባቸው ቀናት ሁሉ ተማሪውን አዘገየህ እያለ ሲቆጥርበት ነበር ማለት ነው።

«ሁለት ዓመት!» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ እየደለዘች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቹን አዘገያችሁ ብዬ የተቆጣሁት በሐሰት ነው!»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሱሃይላ ክሊራንስ ታትሞ ወጣ። ልጅቷ እጇን ልትስም ስትጎነበስ እልፍነሽ ከለከለቻት። «ይህ ችሮታ አይደለም። ያንቺ ነው፤ ዘረፉሽ፣ መለስንልሽ።» ሱሃይላ በማግስቱ ቴምፖዋን ይዛ ሄደች፤ በሐምሌም ሻሸመኔ ሥራ ጀመረች።

ረቡዕ ቦርዱ መጣ። ዶክተር ሙሉብርሃን ሲስተሙን ሲያስጎበኙ እነ ሳፊያ ጠረጴዛ ጋ ደረሱና ሰልፉ እየተስተናገደ ሲሄድ አይተው ደነገጡ። እልፍነሽ ተነሣች። በእጇ ሰሌዳው ላይ የነበረው ማስታወቂያ፣ የጥቅምቱ ደብዳቤና የገመዳ ወረቀት አለ።

«ክቡራን፣ አንድ ደቂቃ» አለች። ማስታወቂያውን አነበበች፤ ደብዳቤውን ከነወጪ ቁጥሩ አነበበች፤ ከዚያ ገመዳ ባቱ ላይ ያላትን ነገረቻቸው። ድምጿ ዝቅ ያለ ስለነበር ለመስማት ሁሉም ጠጋ አሉ።

«ይህ የግል ቅሬታ ነው፤ በሥርዓቱ ይታያል» አሉ ዶክተሩ።

«የግል ከሆነ ሰሌዳ ላይ ለምን ሰቀሉት?»

ከቦርዱ አባላት አንዱ አዛውንት ደብዳቤውን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ወደ ዶክተሩም ቀና ብለው «ይህ ደርሶዎት ነበር?» አሏቸው። ዶክተሩ እንግዶቹን ወደ በሩ መሩ።

በሐምሌ መጀመሪያ ሁለት ደብዳቤ በአንድ ቀን ደረሳት። አንደኛው የሲስተሙ አስተዳዳሪ ሆና መመደቧን ይገልጻል። ሁለተኛው ማክሰኞ ዕለት ያለ ፈቃድ ከሥራ በመቅረቷና ወደ አይሲቲ ቢሮ በመግባቷ የተሰጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለቱንም የፈረሙት ዶክተር ሙሉብርሃን ናቸው። እልፍነሽ የመጀመሪያውን ፈርማ ተቀበለች። ሁለተኛውን ላመጣችው ጸሐፊ መልሳ ሰጠቻት፤ «ለላኩሽ ሰው አልቀበልም ብላለች በያቸው» አለች። ጉዳዩ ኮሚቴ ተባለለት፤ ኮሚቴው አንድ ቀን ተሰብስቦ ተበተነ።

ይቅርታ የሚል ወረቀት ግን ሰሌዳው ላይ አልወጣም። ዶክተሩም ከቦታቸው አልተነሡም። አሁን ኮሪደር ላይ ሲያገኟት ምንም እንዳልሆነ ሁሉ «እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ እልፍነሽ» ይሏታል፤ እሷ ቀጥ ብላ ታልፋለች።

«አይ አንቺ ሴት» አለቻት ሳፊያ አንድ ቀን። «እስከ መቼ ነው የምታኮርፊያቸው?»

«ጡረታ እስክወጣ።»

«መቼ ነው የምትወጪው?»

«አሥራ አንድ ዓመት ይቀረኛል» አለች እልፍነሽ፣ የሚቀጥለውን ተማሪ መታወቂያ እየተቀበለች።