የድንቡሼ ጾም

ባለፈው ክረምት፣ ለቡ ባለው ቤታችን፣ ልጆቼ ከሚያሳድጓቸው ዓሣዎች አንዱ ጭራው ተበጣጥሶ አየሁትና፣ ከሱቅ የተገዛውን መድኃኒት ከፍቼ ቢጫውን ዱቄት በውሃ ሳሟሟ፣ ያ መረር ያለ፣ ምላስ ሥር ድረስ የሚገባ ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ማንኪያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የመካኒሳው ቤታችን ሽታ ነው። ሌላ ሰው የልጅነት ቤቱ ምን ምን እንደሚሸተው አላውቅም፤ የእኔ ግን ቴትራሳይክሊን ቴትራሳይክሊን ነው የሚሸተኝ።

ዓሣዎቹን ቤታችን ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ግርማ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት ስላልመጣለት፣ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ቤት አትክልት እያጠጣ ይሠራ ነበር፤ ሰውዬው የሥራ ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ የመስታወት ገንዳውን፣ አየር የምትነፋዋን ትንሽ ሞተርና ሦስት ወርቃማ ዓሣዎች አስረከበው። ግርማም ገንዳውን በጋሪ አስጭኖ፣ ዓሣዎቹን በባልዲ አቅፎ፣ የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ አስከትሎ ከች አለ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ባልዲውን አየና «ለጾም ነው የምናደልባቸው?» ብሎ ጠየቀ። ከሦስቱ ትልቁ ሆዱ ሞላ ያለ ስለነበር ወንድሜ ድንቡሼ አለው፤ ለሁለቱ ስም ለማውጣት ጊዜ አላገኘም።

ያን በጋ ወንድምጋሼ (እንደዚያ ነበር የምጠራው) ከሥራ ፍለጋ ሲመለስ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ገንዳው ነበር። የቧንቧ ውሃ እንደተቀዳ አይጨምርም፤ ውስጡ ያለው የማጣሪያ መድኃኒት ዓሣ ያቃጥላል ብሎ በባልዲ አሳድሮ፣ አሮጌውን ከፊሉን ብቻ ቀድቶ፣ አዲሱን ቀስ አድርጎ ያንቆረቁረው ነበር። ፈረንጁ የተወለት የዓሣ ምግብ ሲያልቅ ደግሞ ደረቅ ዳቦ እየፈጨ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ይበትንላቸዋል፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ሲመጡ እያየሁ «ጨምርላቸው» እያልኩ እጨቀጭቀው ነበር። «ዓሣ ጠገብኩ ማለት አያውቅም» ይለኝ ነበር። «የሰጠሽውን ሁሉ ይቀበላል፣ የተረፈው ደግሞ በስብሶ ውሃውን ይመርዘዋል።»

ሚያዝያ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ከቀበሌ ተጠራ። ደርግ ሊወድቅ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው፤ ያኔ ግን ሊወድቅ መሆኑን ማን ያውቃል። እማዬ በሶና ዳቦ ቆሎ ሰንቃለት፣ አባቴ ካፖርቱን አልብሶት፣ ግርማ መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል ዘወር ብሎ «ዓሣዎቹን አደራ፣ አንድ ቁንጥር ብቻ» አለን። ሌላ ነገር የሚል መስሎን ስንጠብቅ መኪናው ሄደ።

ክረምቱ ገባ፤ ከግርማ ምንም ወሬ አልነበረም። እማዬ ማዕድ በቀረበ ቁጥር የመጀመሪያውን ጉርሻ እጇ ላይ ይዛ «ልጄ የት በልቶ ይሆን?» ትልና ተነሥታ ወደ ገንዳው ትሄድ ነበር። አንድ ቁንጥር የተባለው ቁራሽ ሆነ፣ ቁራሹ እንጀራ ሆነ። ሊጠይቁን የሚመጡት ጎረቤቶችም እማዬን ማጽናናት ሲያቅታቸው ወደ ዓሣዎቹ ዞር ብለው «የግርማ አደራዎች፣ እስቲ ብሉ» እያሉ ከያዙት ሁሉ ጣል ያደርጉላቸዋል፤ አንዷማ ሽሮ የነካው ፍትፍት አጉርሳቸዋለች። ዓሣዎቹም አፋቸውን ከፍተው ይመጣሉ፣ እንግዳውም ደስ ብሎት ይሄዳል። አባቴ አንዳንዴ «ግርማ ያለውን ረሳችሁት?» ይል ነበር፤ ግን የእማዬን ፊት ሲያይ ወደ ማዕዱ ይመለሳል። አፍ አውጥታ ባትናገረውም፣ ዓሣዎቹ እስካሉ ልጄ አለ ብላ እንደያዘች እኛ ቤት የማያውቅ አልነበረም።

ሐምሌ ሲጋመስ ውሃው የሩዝ እጣቢ መሰለ። አንድ ጠዋት ስም ካልወጣላቸው አንዱ በጎኑ ተንሳፎ ተገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ተከተለው። አባቴ ጌሾው ሥር ቀበራቸው፤ እማዬም ማንንም ሳታፍር እንደ ሰው አለቀሰችላቸው። የቀረው ድንቡሼ ብቻ ነበር፤ እሱም ጭራው ጫፉ ነጥቶ ተበጣጥሶ፣ ሥሩ ደም አዝሎ፣ ጎኑ ላይ ቅርፊቱ የተነሣበት ቀይ ቁስል ወጥቶበት፣ ገንዳው ጥግ ተወሽቆ ይተነፍስ ነበር። እኔ በጣም ፈራሁ። የምፈራው ለዓሣው ይሁን ለወንድምጋሼ መለየት አቅቶኝ ነበር።

እማዬ ጎረቤታችንን ሲስተር አስካለን ከሆስፒታል ስትመለስ መንገድ ላይ ጠብቃ ጎትታ አመጣቻት። «እትዬ በላይነሽ፣ እኔ እኮ የሰው ነርስ ነኝ» እያለች ሳቀች፤ ይሁንና ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው። «ይሄማ ያመረቀዘ ቁስል ነው» አለች። «ሰው ቢሆን ንጹሕ ቦታ አስተኝቼ፣ በጨው ውሃ አጥቤ፣ መድኃኒት እሰጠው ነበር። ሌላ የማውቀው የለኝም፤ እንሞክረው።» ያደረ ውሃ በሳፋ አስቀርባ፣ ጨው በትንሹ በትና፣ ድንቡሼን በማጥለያ አውጥታ እዚያ ካስገባችው በኋላ፣ ከቦርሳዋ ያን ጊዜ ከማንም ቤት የማይጠፋውን ቀይና ቢጫ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል አውጥታ ከፈተችና ከዱቄቱ ጥቂቱን በጥብጣ ጨመረችለት። ውሃው እርድ የገባበት መሰለ፤ ሽታውም ቤቱን ሞላው። ብርሃን መድኃኒቱን ያበላሸዋል ብላ ሳፋውን በጨርቅ ሸፈነችው።

ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ወደ ገንዳው ሰደደችና ከታች የጠቆረና የተዝለገለገ እንጀራ በእፍኟ ይዛ ወጣች። «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለች። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

«በሉ እህል ይቁም። እኔ እስክል ምንም እንዳትሰጡት።»

«ታሞ ደግሞ ይራብ?» አለች እማዬ። «ምን በልቶ ይነሣል?»

«እትዬ፣ በልቶ በልቶ ነው እኮ የታመመው!»

እማዬ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ሲስተር አስካለ ልትወጣ ስትል፣ «እሺ፤ ፍልሰታም ገብቷል» አለች። «አብሮኝ ይጾማል።»

የዚያን ዓመት ፍልሰታ ቤታችን ውስጥ ከሁሉ የጠበቀ ጿሚ ድንቡሼ ነበር። እኔ እስከ እኩለ ቀን ጾሜ አፌን ዳቦ ሳደርግ፣ እሱ ቢጫ ውሃው ውስጥ ባዶ ሆዱን ይውል ነበር። አባቴ በየጠዋቱ ያደረውን ውሃ ያቀርባል፣ ሲስተር አስካለ ወደ ሥራ ስታልፍ ብቅ ብላ ውሃውን ቀይራ መድኃኒቱን ታድሳለች። እማዬ ደግሞ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ ሳትቀመጥ፣ ቁራሽ ዳቦ ይዛ ጨርቁን ትገልጠው ነበር። ድንቡሼ አፉን ከፍቶ ይመጣል። እጇ ከውሃው በላይ ትንሽ ይቆይና፣ ቁራሹን ሳይለቅ ይመለሳል። ለእሷ ከዚያ የከበደ ጾም እንደሌለ በልጅነት ልቤም ገብቶኝ ነበር።

ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ቁስሉ ደረቀ፤ ከተበጣጠሰው ጭራ ጫፍም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ አዲስ ክንፍ ብቅ አለ። ሲስተር አስካለ «አሁን አቅምሱት» ስትለን፣ እማዬ በሁለት ጣቷ አንድ ቁንጥር ብቻ ወርውራ «እንኳን አደረሰህ» አለችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ገንዳው አጠገብ ጉርሻ ይዞ የተገኘ እንግዳ ከእሷ ጋር ይጣላ ነበር።

መስከረም ሄደ፣ በጋው ሄደ፣ አሁንም ወሬ የለም። ግንቦት ላይ መንግሥት ወደቀ፤ መንገዱ በተበተነ ወታደር ተሞላ። እማዬ አስፋልት ዳር ወጥታ የሚያልፈውን ሁሉ እያስቆመች ስለ ግርማ ትጠይቅ ነበር። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳና ከፈትኩ። ዱላ የተደገፈ፣ ጉንጩ የገባ፣ አንድ እግሩ በጨርቅ የተጠመጠመ ሰው ቆሟል። የሚለምን መስሎኝ «እግዜር ይስጥህ» ልለው አፌን ስከፍት «ድንቡሼ አለ?» አለኝ።

ሰፈሩ በእልልታ ተቀወጠ። ገና ልብሱን ሳይቀይር፣ የሰኔ ጾም ነው ሳይባል፣ ዶሮ ወጡ፣ ክትፎው፣ ቅቅሉ በየአቅጣጫው መምጣት ጀመረ። እማዬ አልቅሳ ሳትጨርስ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመችና ሳህኖቹን አንድ በአንድ እየተቀበለች ጓዳ አስገባቻቸው፤ አንዱም እሱ ዘንድ አልደረሰም። መስኮቱን በጨርቅ ጋረደች። የቆሰለ እግሩን ለብ ባለ የጨው ውሃ ዘፈዘፈችው። አንድ ማንኪያ ቀጭን አጥሚት ሰጥታው፣ ቁጭ ብላ ጠበቀች፣ ቆይታ ደግሞ ሌላ ማንኪያ ሰጠችው። አንዲት ጎረቤታችን ጮክ ብላ «በላይነሽ፣ ጦርነቱ ያልገደለውን ልጅ አንቺ በረሃብ ልትጨርሺው ነው?» አለቻት። ሲስተር አስካለ ካፕሱሏን ይዛ ስትደርስ ግን የተደረገውን ሁሉ አየችና «የምጨምረው የለኝም» ብላ መድኃኒቱን ብቻ ሰጥታው አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ እርቦኛል እኮ» አለ ግርማ፤ ድምፁ የሕፃን ነበር። «ወጡ ይሸተኛል። ትንሽ ስጪኝ።»

እማዬ ማንኪያውን ጎድጓዳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። እሱም ዓይኑን ከእሷ አንሥቶ ገንዳውን ሲያይ ብቻውን የሚዋኘውን ድንቡሼን አገኘና «ሁለቱስ?» ብሎ ጠየቃት።

«ሁለቱን በጉርሻ ገደልኳቸው» አለችው። «አንተን አልገድልህም።»

ዛሬ የእኔ ልጆች ዓሣዎች ውሃ የሚያጣራ፣ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ አላቸው፤ መድኃኒታቸውም ስንት ሊትር ውሃ ላይ ስንት እንደሚጨመር ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ይመጣል። ያኔ ገና ማሳ የነበረው ለቡ ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል፤ የእኛም ቤት ከእነዚያ አንዱ ነው። ልጆቼ የጠየቁኝን ሁሉ እሰጣቸዋለሁ፤ ሰጥቼም ልቤ አያርፍም፤ እጅን ከውሃው በላይ አቁሞ መመለስን ከእናቴ አልወረስኩም። እሷ አርጅታ አሁን ከእኔ ጋር ናት። ግርማ እሑድ እሑድ ከፉሪ ይመጣል፤ ቦርጭ አውጥቶ ድንቡሼ የሚባለው ዛሬ እሱ ነው። ማዕድ ሲቀርብ እማዬ በሚንቀጠቀጥ እጇ አንድ ትንሽ ጉርሻ ታጎርሰውና፣ እስኪውጠው ድረስ ጉሮሮውን ታያለች፤ ከዋጠ በኋላ ነው ሁለተኛውን የምትጠቀልለው። እሱም፣ ያ ሽበታም ሰውዬ፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል።