ለትንሿ መኪና የሚኒባስ ሞተር

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ይዞት የመጣው ንብረት አንዲት መኪና ብቻ ነበር። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ስትሠራ ያረጀች፣ የኋላ በሯ በሽቦ የሚታሰር፣ ከኋላ ሦስት ሰው ከተቀመጠባት የመሀለኛው ጉልበቱ አገጩ ላይ የሚደርስባት ትንሽ መኪና ነች። ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች። ላሊበላ ውስጥ ግን ሜዳ የት ይገኛል? ቤታችን ከገበያው በላይ ዳገቱ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ በመጣችበት ቀን እኔ፣ እናቴና የአባቴ ተማሪዎች ከኋላዋ ሆነን እየገፋን ነው ግቢ ያስገባናት። እናቴ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ልጄ፣ እኛ እሷን ከምንሸከማት እሷ እኛን ብትሸከመን አይሻልም?» አለችው።

ያኔ ወልድያ ሄጄ የመኪና ጥገና ተምሬ ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁም። ከተማው ውስጥ ካለ ጋራዥ ተቀጥሬ የባጃጅና የአስጎብኚ መኪና ዘይት እቀይራለሁ፣ ፍሬን እጠግናለሁ። ወንድሜ ታላቄ ነው፤ በርና መስኮት የሚበይድ ብረት ሠራተኛ። ልጆች ሳለን አጥር ላይ ተቀምጠን፣ ገና ከመታጠፊያው ያልወጣችውን መኪና በድምፅዋ ብቻ እየለየን እንወራረድ ነበር። እሱ ጉልበት ያላትን ይወዳል። እኔ ደግሞ ነገር በቦታው ልክ ሲገጥም ደስ ይለኛል። እስከ ዛሬም እንዲሁ ነን።

ከጋራዣችን ጀርባ አንድ ሚኒባስ ቆሞ ነበር። መንገድ ስቶ ተገልብጦ አካሉ ተጨማድዷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳበትም። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሾፌር ነበሩ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ መያዝ አስጠልቷቸዋል። አንድ ቀን ወንድሜ ምሳ ሊጋብዘኝ መጥቶ ምሳውን ረሳና ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ሲያይ ቆየ።

«ይኼ እኛ መኪና ውስጥ ይገባል» አለኝ።

«አይገባም።»

«ሜትር አምጪ።»

አመጣሁ። ሞተሩንም ለካን፣ ቤት ሄደን የትንሿን መኪና ሆድም ለካን። ቦታው በአንድ መዳፍ ያህል ጠበበ። ወንድሜ መዳፉን ገልብጦ አየና፣ «ይህቺን እኔ ቆርጬ አሰፋላታለሁ» አለ። ሾፌሩ ጋ ሄደን ስንነግራቸው መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። በኋላ ግን ወንድሜ ለግቢያቸው የብረት በር ሊሠራላቸው፣ እሳቸውም ሞተሩን ከነካምቢዮው፣ ሌላ የሚያስፈልገንንም ዕቃ ሊሰጡን ተስማማን።

የቀረው አባታችንን ማሳመን ነበር። አባታችን መሪጌታ ናቸው፤ በግቢያችን ባለው ዳስ ተማሪ ሰብስበው አቋቋም ያስተምራሉ። እራት ላይ ነገርናቸው። ጎርሰው፣ አላምጠው፣ ውኃ ጠጥተው ሲያበቁ፣

«ለድመት የነብር ልብ ብትሰጧት አይጥ መያዙን ትታ ማንን ልትበላ ነው?» አሉ።

«አባባ፣ ዳገት ትበላለች» አላቸው ወንድሜ።

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳቋን ዋጠች። አባታችን አልሳቁም፤ ግን አልከለከሉምም። ያሉን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እኔ ጸናጽል በያዝኩበት ሰዓት እናንተ የብረት መቁረጫ አትያዙ።»

በዚህ ውል ክረምቱን ሙሉ ሠራን። ትምህርቱ ሲፈታ ወንድሜ የብየዳውን መነጽር ያደርጋል፤ ከበሮው ሲጀምር እናቆማለን። መብራት የሚጠፋውም በእኛ ተራ ላይ ነበር። ሞተሩን ከጋራዡ ያመጡልን ተማሪዎቹ ናቸው። ሁለት ባሕር ዛፍ አጋድመው፣ በሽተኛ በቃሬዛ እንደሚሸከሙት በትከሻቸው ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ፣ መንገድ ላይ ያገኟቸው አሮጊት ቆመው «ማነው የታመመው?» ብለው ጠየቁ አሉ።

ከወንድሜ ጋር የተጣላነው በፍሬን ነው። እሱ ሞተሩ ገብቶ ሲጮህ ለመስማት ቸኩሏል። እኔ ደግሞ በአሮጌው ፍሬን ይህን ሞተር አላስነሳም አልኩ። ሁለት ቀን ተኮራረፍን። በሦስተኛው ጠዋት ስነሳ የሚኒባሱን የፊት ፍሬን ፈትቶ አምጥቶ፣ በትንሿ መኪና ጎማ ላይ የሚያስማማውን ብረት ቆርጦ፣ ደጄ ላይ አስቀምጦልኛል። ይቅርታ አላለም፤ እኔም አልጠበቅኩም። የኋላውን ጎማ የሚያዞረውን ዘንግ ግን የራሷን ተውንላት። ወፍራም ነው፣ ይችላል አልን።

ሞተሩን ባስነሳንበት ቀን ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ገና አልተበየደም ነበር። ቁልፉን ሳዞር ግቢው ተናወጠ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ተማሪዎቹ ወደ እኛ ሮጡ። አባታችንም መቋሚያቸውን ይዘው ከዳሱ ወጡ። ሊቆጡን ነው ብዬ ላጠፋው እጄን ሰደድኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን አንስተው «ተይው» አሉኝና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«አራት ናቸው?» አሉ።

«አዎ አባባ፣ አራት ነው» አልኳቸው፤ ስለ ሞተሩ ሲሊንደሮች መሆኑ ገብቶኝ።

«አንዱ ከጓደኞቹ ዘግይቶ ይገባል። ሦስቱ ያዜማሉ፣ አንዱ ያስላል።»

እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈትሼ የሦስተኛው ገመድ ላልቶ አገኘሁት። ሳጠብቀው ድምፁ ተካከለ። አባታችን መቋሚያቸውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መታ አደረጉና ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ሆን ብለው እንዳልሆነ እያስመሰሉ መኪናዋ አጠገብ ይቆማሉ። አንዴም ለእናቴ የካምቢዮን ሥራ ሲያስረዷት ሰማኋቸው፤ አብዛኛው ትክክል ነበር።

መኪናዋ ከገበያው እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ መውጣት ስትጀምር ሰፈሩ ሁሉ አወቃት። ቅርጿ የታክሲ፣ ድምፅዋ የጭነት መኪና ስለሆነ፣ ሰዎች ትልቁን መኪና ሊያሳልፉ ዳር ይይዙና እሷ ስትመጣ ይስቃሉ። ወንድሜ ያን ሳቅ ይወደው ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን አባታችን ልብሳቸውን ለብሰው፣ ዳዊታቸውን አንግተው መኪናዋ አጠገብ ቆሙ።

«ይምርሐነ ክርስቶስ ታደርሰኛለች?» አሉ።

አባታችን ድቁና ሳይቀበሉ በፊት የተማሩት እዚያ፣ ዋሻ ውስጥ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ነው። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ በእግር መሄድ አልቻሉም፤ በጭነት መኪና ላይ መንጠልጠልም አልወደዱም። ለዓመታት ስለ ቦታው ሲያወሩ እንጂ እንሂድ ሲሉ ሰምተናቸው አናውቅም። እናቴ ዳቦ ጠቅልላ ከኋላ ገባች፤ ወንድሜ አጠገቧ ተጣጠፈ። እኔ ነዳሁ።

እስከ ብልባላ ድረስ እንዲህ ያለ ደስታ አላውቅም። ድንጋያማው መንገድ ያናውጠናል፣ አቧራው በሽቦ በታሰረው በር ይገባል፤ ሞተሩ ግን ዳገቱን አላየውም። እህል የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ ሲወጣ አለፍነው። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ በዓይኑ ተከተለን። አባታችን መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው እንደ መሪ ይዘው፣ «ቀስ በይ ልጄ፣ ቦታው አይሸሽም» ይሉኛል፤ ፊታቸው ግን ቀስ አትበይ ይላል።

ከብልባላ አልፈን አንድ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ስደርስ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ፣ ነዳጁን ጫን አደረግኩ። ከኋላ እንጨት የሚሰበር የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ሞተሩ ብቻውን ጮኸ፤ መኪናዋ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬን ረገጥኩ። ያዘ። እናቴ ማንም ሳያዛት ወርዳ ትልቅ ድንጋይ ከጎማው ሥር ወሸቀች። ወንድሜ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዘንጉ ነው» አለኝ። «ለሁለት ተሰብሯል።»

ሁለታችንም አባታችንን ማየት አቃተን። በዚህ መሀል ከመንገዱ በታች ለበልግ ማሳውን ሲያርስ የነበረ አንድ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ ወጣና ለአባታችን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«እንደምን ዋሉ መሪጌታ? ምን ገጠማችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አባታችን ከመቀመጫቸው ሳይነሱ። «ልጆቼ ለዚህች ድመት የነብር ልብ ሰጥተዋት ነበር። እግሯን ረስተውት ነው።»

ይህን ብለው ሳቁ። አባታችን ፈገግ የሚሉ ሰው ናቸው፤ ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሲስቁ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ገበሬው ሳቀ፣ እናቴ ሳቀች፣ ወንድሜም ፊቱ ገና አመድ እንደመሰለ ሳቀ። ገበሬው በሬዎቹን ከሞፈር ፈትቶ በጠፍር ከመኪናዋ ጋር አሰራቸው። እኔ መሪ ይዤ፣ ወንድሜ ከኋላ እየገፋ፣ በሬዎቹ ያን ሁሉ ጉልበት የያዘ ሞተር ቀስ እያሉ እስከ ገበሬው ደጅ ጎተቱት።

መኪናዋን እዚያ ትተን ጉዟችንን ቀጠልን። ገበሬው አባታችንን በበቅሎው አስቀመጣቸው፤ እኛ በእግር። የመጨረሻውን አቀበት በጽዶቹ መካከል ሁለታችን ግራና ቀኝ ይዘን አወጣናቸው። ዋሻው ውስጥ ሲገቡ ጫማቸውን አውልቀው፣ መዝጊያውን ተሳልመው ጸለዩ። ከዚያ ወደ አንድ ጥግ ሄደው መሬቱን በመቋሚያቸው ነካ አደረጉ።

«እዚህ ነበር የምተኛው» አሉን። «የኔታ ሌሊት ሲቀሰቅሱን እኔ ሁልጊዜ የመጨረሻው ነበርኩ።»

ስለ ልጅነታቸው እንዲህ ነግረውን አያውቁም ነበር። እዚያው ተቀምጠን የእናቴን ዳቦ እየበላን ብዙ አወጉን፤ የተራቡበትን፣ ውሻ የነከሳቸውን፣ ዜማ ተሳስተው የተገሰጹበትን። ሲመለሱ በበቅሎው ላይ ሆነው ወንድሜን ጠሩት።

«ሰብራችሁ አትጣሏት፣ ሥሯት» አሉት። «ጀምሮ መተው የእናንተ ጠባይ አይደለም።»

የሚኒባሱን የኋላ ዘንግ አምጥተን፣ ከትንሿ መኪና ወርድ ጋር እስኪስማማ ወንድሜ ከሁለት ወገን ቆርጦ በየደው። ሥራው የተሠራው በገበሬው ግቢ ነው፤ ጄኔሬተር በአህያ አስጭነን። ከዚያ በኋላ አልተሰበረችም። አባታችንን ለዓመታት አመላልሳቸዋለች፤ ይምርሐነ ክርስቶስም ደጋግመው ሄደውባታል።

ወንድሜ ሥራ አግኝቶ ባሕር ዳር ሲገባ፣ እኔም የራሴን ጋራዥ ስከፍት፣ መኪናዋን ለአንድ የኩልመስክ ሰው ሸጥናት። አባታችን ሊሸኟት ወጡ፤ እስክትታጠፍ ቆመው አዳመጧትና «ደህና ነች» ብለው ገቡ።

ባለፈው በጋ ለሥራ ኩልመስክ ሄጄ ገበያው ዳር ስቆም ከኋላዬ ያን ድምፅ ሰማሁ። አረንጓዴ ቀብተዋታል፤ ጣሪያዋ ላይ የገብስ ጆንያ ተደርድሯል። የሚነዳት ወጣት አያውቀኝም። «ሞተሯ የራሷ አይደለም ይላሉ፤ ማን እንደገጠመላት እንጃ» አለኝ። እስቲ ቆመህ አንዴ ነዳጅ ስጣት ብዬ ለመንኩት፤ ድምፅዋን በስልኬ ቀድቼ ለወንድሜ ላክሁለት።

ትንሽ ቆይቶ ደወለ። ከጀርባው የብረት መቁረጫ ይጮኻል። ሰላም ሳይለኝ፣ «የሚነዳት ሰው አጠገብሽ ነው?» አለ።

«አለ።»

«እስቲ አንዴ ይድገምልኝ በይው። እንደመጣላት ያስጩኻት።»