የጋሽ ሩት አካውንት

ጋሽ ሩት ወንድ ነው፤ ያውም ጢሙ ደረቱን ሊነካ የደረሰ ወንድ። ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ሁሉን የሚያዘው የበላይ አካውንት «ሩት» ይባላል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በዚያ እየገባ ስለሠራ መሥሪያ ቤቱ ስም አወጣለት፤ የሴት ስም ነው ብሎ ቅር ብሎት አያውቅም። ተው፣ ለራስህ ተራ አካውንት ክፈት፣ ያቺን ለክፉ ቀን አቆያት ሲሉት ግን አይሰማም። የገዛ ቤቴን አንኳኩቼ ልግባ እንዴ ይላል።

ሚስቱ የሞተችበት በጉሮሮ ካንሰር ነው። ድምፅዋን የሚያሳጣት ቀዶ ጥገና ሲቃረብ፣ በሩን ዘግታ ለብቻዋ ስታወራ ቆየችና የቀዳችውን ሰጠችው።

«ለልጄ ነው። ስታድግ ስጣት።»

ልጅቷ ያኔ ጡት አልጣለችም። እሱም ቤት ያለ ዕቃ ይሰበራል፣ ይጠፋል ብሎ ፈራ፤ ስለዚህ ሁሉ ነገር በሁለት ቅጂ በሚቀመጥበት በመሥሪያ ቤቱ የጋራ ማከማቻ ላይ ጫነው። እንደ ልማዱ በሩት ገብቶ።

ልጅቷ አደገች፣ አገባች። የእናቷ ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ ድምፅዋን ግን አታውቀውም፤ የተቀዳው እንዳለ ብትሰማም አባትየው ነገ ዛሬ ሲል ቆይቷል። ዘንድሮ ሆዷ ሲገፋ፣ አባዬ፣ ከመውለዴ በፊት እናቴን ልስማት አለችው። መሥሪያ ቤቱ ከዩኒክስ ወደ ዊንዶውስ እየተዛወረ ስለነበር፣ ይሄ ሥራ ይለቅና አመጣልሻለሁ አላት።

ሥራው እንዲህ ነው። ዩኒክስ ሰውን በቁጥር ያውቃል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በራሱ መለያ፤ አንዱ የሌላውን ከቁብ አይቆጥርም። ስለዚህ መሃል ላይ ያለው ማከማቻ፣ የዚያ ቁጥርና የዚህ ስም ባለቤት አንድ ሰው ነው ተብሎ ሊነገረው ይገባል። ካልተነገረው ሰው የገዛ ፋይሉ ደጃፍ ላይ ባዕድ ሆኖ ይቀራል። ጋሽ ሩት ዘበኛውን ሳይቀር፣ ጡረታ የወጡትን ሳይቀር፣ ቁጥርን ከስም ሲያጋባ ከረመ። ጥንድ ያጣው ሁሉ «ማንም» በሚባል አካውንት ስር እንዲወድቅ አደረገ። ሩትን ሆን ብሎ ያለ ጥንድ ተዋት። በኔትወርክ የሚመጣ ሩት ሌባ ሊሆን ይችላል፣ ሥልጣኑን ግፈፉት እያለ ስንቱን ያስተማረ እሱ ነው። በመጨረሻም ለአዲሷ የማከማቻው ኃላፊ ነገራት፦ በ«ማንም» ስር የተገኘው ሁሉ ጌታ የሌለው ግሳንግስ ነውና ከነቅጂው ይጠረግ፣ የድሮዎቹም ዲስኮች ይፈጩ።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። ይሄ ሰው ግን ለሁሉ ሲቆርስ ውሎ ለራሱ መቁረሱን ረሳው። ምን ይሉታል እንግዲህ!

ዲስኮቹ ተፈጭተው ከወጡ በኋላ የሚስቱን ድምፅ ለልጁ ሊገለብጥ ፍላሽ ይዞ ተቀመጠ። ፋይሉ የለም። በሌላ መንገድ ፈለገ፣ የለም። በሩት የተቀመጠ ሁሉ «ማንም» ስር እንደሚወድቅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረምና ወዲያው ገባው። ኃላፊዋን አስጠርቶ የተጠረገው ይመለስ እንደሆነ ጠየቃት። እሷም እንደማይመለስ፣ እሱ እንዳዘዘውም ቅጂው አብሮ መጥፋቱን በአክብሮት ነገረችው። ምን ነበረበት ብትለው የግል ነገር ነው ብሎ ተነሳ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ማንን ይቆጣል?

ያን ቀን ከሥራ በቀጥታ ልጁ ቤት ሄደ። ፊቱን አይታ ወንበር ሳበችለት። እሱም ሳያድበሰብስ ሁሉንም ነገራት፤ ያስጠፋሁት እኔ ነኝ አላት። አልጮኸችም። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ አጠገቡ ቁጭ አለች፣ ትከሻውንም ዳበስ አደረገችው። እንዲያውም ያሳዘናት እሱ ነበር።

«ግድ የለም አባዬ» አለችው። «አንተ ንገረኝ። ምን ነበር ያለችው?»

ጋሽ ሩት መሬት መሬት አየ። ናፍቆት ሲብስበት ፋይሉ መኖሩን ያይና መልሶ ይዘጋው ነበር። የልጁን አደራ ቀድሞ መስማት ስርቆት መስሎት ነበር፤ ደግሞም፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ያንን ድምፅ ዳግም መስማት ፈርቶ ነበር።

«አልሰማሁትም» አላት። «ያንቺ ነው ብዬ።»

ልጅቷ ያኔ ነው ያለቀሰችው።